የኡስታ ሸለቢ ጥቁር ቅባት

ኡስታ ሸለቢ በየማለዳው ፀጉር ቤታቸውን ከፍተው መስተዋቱን በጋዜጣ ይወለውሉና ከደረት ኪሳቸው ማበጠሪያ አውጥተው ራሳቸውን ያበጥራሉ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ በጆሮ ግንዳቸው በኩል ወደ ታች፤ ሲጨርሱ ማበጠሪያውን እፍ ይሉታል። ከክረምቱ ወዲህ ግን ራሳቸው ላይ አንድም ፀጉር የለም። የሆስፒታሉ መድኃኒት ጠራርጎ ወስዶታል። ማበጠሪያው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው፣ እፍ ማለቱም አልቀረም።

"ኡስታ፣ ምኑን ነው የሚያበጥሩት?" ይላቸዋል ጎረቤታቸው ዛኪ ዓሣ ጠባሹ፣ ዘይት የነካ እጁን በሽርጡ እየጠረገ።

"ቦታውን እየጠበቅኩ ነው። ባለቤቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሰፍሮበት እንዳያገኝ።"

ኡስታ የሚባለው ሙያውን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ነው፤ በእኛ በባሕሪ ሰፈር ግን ኡስታ ሲባል ሸለቢ ብቻ ናቸው። እኔ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ነው ያደግሁት፤ ከበረንዳችን ሆኜ የእስክንድርያን ወንዶች ግማሽ በነጭ ፎጣ ተጠቅልለው አይቻቸዋለሁ። ፀጉር መቁረጥ ግን ትንሹ ሥራቸው ነበር። ብጉንጅ ያወጣ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። ከሚስታቸው አባት የወረሱት ጥቁር ቅባት አለ፤ እሱን ይቀቡለትና እስኪበስል ይጠብቃሉ። ሲበስል በምላጭ ይወጉታል፣ ኮሎኝ ያፈሱበታል፣ መግሉንም በጥጥ ይዘው ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያሳያሉ።

"ክፉው ይኸውላችሁ! ወጣ!"

ፍርዳቸው ሁለት ብቻ ነበር። መግል የያዘ ብጉንጅ ክፉ ነው። መግል የሌለው ንጹሕ ነው፣ "ተነሥ፣ ወደ ሥራህ ሂድ።" የሕክምና ትምህርት ቤት ያን ሁሉ ዓመት ምን እንደሚያስተምር ለሰፈራችን ገብቶት አያውቅም።

ኡስታን የያዛቸው የደም ካንሰር ነው። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ እንጂ በሰፈራችን ከአፉ የሚያወጣው የለም። ሴቶቹ "ያ ነገር" ይላሉ፣ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ዛኪ ደግሞ "ትንሽ የደም ድካም ነው" ብሎ ሁሉንም አስታርቋል። ዶክተር ሪሃም የምትባል ወጣት ሐኪም መድኃኒቱን ስትጀምርላቸው አጥብቃ አስጠንቅቃቸው ነበር። መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ የሰውነታቸውን መከላከያም አብሮ ይመታል፤ ስለዚህ ትኩሳት ቢሰማቸው ወይም ቆዳቸው ላይ ትንሽ ቁስል እንኳ ቢያዩ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ሰው አይሳማቸው። ምላጭ አይንኩ።

ይህ ምክር ሰፈር ሲደርስ "ዶክተሯ እረፍት አድርጉ ብላለች" ሆነ። ሰፈሩም እረፍት እንዲያደርጉ ሊያግዛቸው ከነቤተሰቡ ቤታቸው ገባ። አይሳሙም መባሉን የሰሙ አክስቶቻቸው ተማከሩና ጭምብላቸው ላይ ሳሟቸው፤ ጭምብል ፊት አይደለም። በመጨረሻ ባለቤታቸው ኢንሺራህ በሩ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡ።

"የነጃት እናት፣ ወይ አስገቢኝ ወይ ሻይ አምጪልኝ" አለ ዛኪ፣ በሴት ልጃቸው ስም ጠርቷቸው።

"ሻዩን እዚያው ደረጃው ላይ ትጠጣዋለህ። ስትጨርስ ብርጭቆውን ይዘኸው ሂድ።"

ኢንሺራህ የፀጉር ቤቱ የመጀመሪያ ባለቤት ልጅ ናቸው። ሸለቢ በእኚሁ ሰው ሱቅ ወለል ሊጠርጉ ገብተው ነው ሙያውንም፣ ልጂቱንም፣ ቅባቱንም ያገኙት። ከዚህ የተነሣ በዚያ ቤት ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ይጨቃጨቃሉ፤ በቅባቱ ላይ ግን ክፉ ቃል ተነግሮበት አያውቅም።

በበጋው መግቢያ የሐሚዶ ሠርግ ደረሰ። ሐሚዶ ሲወለድ እናቱ ታማ ስለነበር ኢንሺራህ ከሕፃኗ ከነጃት ጋር እያፈራረቁ ጡት አጥብተውታል፤ በእኛ ሕግ ልጃቸው ነው። የመጀመሪያ ፀጉሩን የላጩት ኡስታ ናቸው። ያን ዕለት ለአባቱ፣ ዓሣ አጥማጅ ለነበረው ለጓደኛቸው፣ "የሠርጉንም ጢም የምላጭለት እኔ ነኝ" አሉት። አባቱ ኋላ ባሕር ላይ ቀረ። ቃሉ ኡስታ ላይ ቀረ።

ሠርጉ ሐሙስ ነው። ሰኞ ዕለት ኡስታ የግራ ክንዳቸው ላይ፣ ከሰዓታቸው ማሰሪያ ከፍ ብሎ፣ ቀይ ነገር አዩ። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ባለሙያ መረመሩት። ትንሽ ነው። በመጠኑ ያማል። ሲጫኑት ምንም አይወጣውም።

"ንጹሕ ነው" ብለው ፈረዱ። ቅባቱን ቀቡበትና የእጅጌያቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ያስተኟቸዋል፤ ካስተኟቸው ሐሙስ ያልፋል።

ኡስታ ሸሚዛቸውን ሲቀይሩ ኢንሺራህ አዩባቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ብጉንጅ።"

"ዶክተሯ ምን ነበር ያለችህ?"

"ዶክተሯ በዕድሜዋ ስንት ብጉንጅ አፍርጣለች? መግል የለውም አልኩሽ እኮ።"

"መሐሉ ጠቁሯል፣ ሸለቢ።"

"ቅባቱ ነዋ! አባትሽ የተዉልኝ ጥቁር ቅባት ነው። ነጭ ትተውልኝ ቢሆን ነጭ ይሆን ነበር።"

በአባት ቅባት ላይ ምን ይባላል? ኢንሺራህ ንጹሑን ሸሚዝ አቀበሏቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ በከበሮና በሙሽራው ጓደኞች ተሞላ። ሴቶቹ በረንዳ ላይ ነበርን፤ ኡስታ ምላጩን ሲያጥፉ እልል ልንል። ሐሚዶ ወንበሩ ላይ እንደ ንጉሥ ተዘርግቷል፤ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል። ኡስታ ቀኝ ጉንጩን አንድም ጠብታ ደም ሳያፈስሱ ላጩት። ወደ ግራው ዞሩ። ምላጩ አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"በርዶኛል" አሉ ኡስታ። ሌላው ሰው ሁሉ ላቡን ይጠርግ ነበር።

"የሰው ዓይን ነው" አለ አንዱ።

"ባዶ ሆድ ነው። የተጠበሰ ቡሪ ዓሣ ላምጣላቸው?" አለ ዛኪ።

"ጌታዬ፣ መጀመሪያ ያቺን ምላጭ ከጉሮሮዬ አርቁልኝ" አለ ሐሚዶ፣ ከንፈሩን ብዙ ሳያንቀሳቅስ።

ኢንሺራህ ከአጠገቤ መቼ እንደ ሄዱ አላየሁም። ሴት ገብታበት የማታውቀው ፀጉር ቤት ገቡ፤ ከበሮው ተቋረጠ። የባላቸውን እጅጌ ሰቀሉ፣ የመላጫውን ብሩሽ ሳሙና ውስጥ ነከሩ፣ ሁሉም እያየ ክንዳቸውን አሹት። ጥቁር አረፋ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ቅባቱ ለቀቀ። መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም፤ ዙሪያው የብርንዶ ቀለም ይዞ አብጧል።

"ይኸው" አሉ ወለሉን እያሳዩ፤ "የአባቴ ቅባት ያ ነው። ይሄኛው የማን ነው?"

"ትኩስ ሽንኩርት ቢታሰርበት..." ብሎ ጀመረ ዛኪ።

"ሽንኩርትህን ለዓሣህ!"

ሐሚዶ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደ ሆነ ብድግ አለ። በር ላይ የቆመው የእሱ መኪና ነው፣ በአበባና በሪባን ያጌጠው። ኡስታን ደግፈው ኋላ አስገቧቸው፤ ኢንሺራህ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ። ባሕር ዳሩን ይዘን ስንበር ያገኘነው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ደስታችንን ተካፈለ። ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት ወደ ኡስታ ጣቷን ቀስራ፣ "ሙሽራው ትንሽ አላረጀም?" ብላ ጮኸች። የሆስፒታሉ ዘበኛ ደግሞ መንገድ ዘጋብን።

"እዚህ ግቢ የሠርግ ፎቶ አይነሣም።"

"ወንድሜ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው!" አለ ሐሚዶ። ዘበኛው አበባውን አየ፣ ግማሹን ጢም አየ፣ በሩን ከፈተ።

ዶክተር ሪሃም ክንዳቸውን አየችና ቀለሟ ተለወጠ። "መቼ ወጣ?"

"ሰኞ።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም?"

"መግል የለውማ፣ ልጄ።"

ለነርሷ መድኃኒት አዘዘችና በደም ሥራቸው ሲገባ አጠገባቸው ቆመች። "ምርመራው እስኪደርስ አንጠብቅም፤ ባክቴሪያው አይጠብቀንም" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኡስታ፣ መግል ምን ይመስልዎታል? የሞቱ ወታደሮች ናቸው። ጠላት ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ተዋግተው ይሞታሉ፤ መግሉ ሬሳቸው ነው። እርስዎ አሁን ወታደር የለዎትም። ወታደር ከሌለ ሬሳ ከየት ይመጣል? ከተማው ንጹሕ አይደለም፣ ባዶ ነው።"

ኡስታ እየተንቀጠቀጡ አሰቡበት። "ያ ሁሉ ያዳንኩት ሰውስ?"

"ወታደሮቹ አዳኑት።"

"ቅባቱስ?"

"ቅባቱ ቆሞ ይመለከት ነበር።"

ኡስታ ተኙ ሲባሉ ግን እንቢ አሉ። "ሙሽራ በግማሽ ፊት ሙሽሪት ዘንድ አይገባም። ምላጬን ስጡኝ።"

"ምላጭ? ይህ መርፌ በተሰካበት እጅ?" አለች ዶክተሯ። "እባካችሁ አንዳችሁ ይህን ልጅ ላጩልኝና እኚህ ሰው ይተኙ!"

ኢንሺራህ ምላጩን ከባላቸው ኪስ አወጡ። ልጅ ሳሉ አባታቸው በተነፋ ፊኛ ላይ አስተምረዋቸው ነበር፤ ካገቡ ወዲያ የጠየቃቸው አልነበረም። ሐሚዶን ኮሪደር ላይ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ወሰዱት። "ጡት ሳጠባህ ነክሰኸኛል፤ አሁን ብትነቃነቅ ዕዳህን ነው የምትከፍለው" አሉት። አልተነቃነቀም። ሲጨርሱ እልል ያልነው እኔና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነበርን።

ትኩሳቱ ለቀናት ተሟገታቸው። ኢንሺራህ ከአልጋቸው አጠገብ ካለው ወንበር አልተነሡም። የጠቆረው ሥጋ ተቆርጦ ወጣ፤ ኡስታ ግን ከሆስፒታሉ በሕይወት ወጡ። ሕክምናቸው ገና አላለቀም። ዛሬ ወደ ፀጉር ቤት ከመውረዳቸው በፊት ኢንሺራህ ከማጅራታቸው እስከ እግር ጣታቸው ይፈትሿቸዋል፤ ምላጩን የሚይዝ ሌላ ሰው ቀጥረዋል፤ እሳቸው ጭምብል አድርገው ያዝዛሉ፣ ባዶ ራሳቸውንም ያበጥራሉ። ብጉንጅ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከሩቅ ያዩትና፣ "ወታደር አለህ?" ብለው ይጠይቁታል። የገባው የለም። ወደ ክሊኒክ ይልኩታል።

ይህን ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው ለጋስ ነበሩ። "ስለ መግሉ ጻፊ፣ ይማሩበት። ሚኒባስ ላይ ስለ ሰደበችኝ ሴትም ጻፊ። አንዲቷን ብቻ ተዪልኝ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ።

አንዲቷ ይህች ናት፤ ያን ሐሙስ ማታ ሐሚዶ ከሆስፒታሉ ሊሄድ ሲል በክፍሉ መስታወት በኩል ሁለቱንም ጉንጩን አሳያቸው። ኡስታ ሸለቢ በትኩሳት ዓይናቸው የራሳቸውን ቀኝ አዩ፣ የሚስታቸውን ግራ አዩ፣ እንደገና ቀኙን አዩ። ከዚያ ወደ ኢንሺራህ ዞረው ቀስ ብለው፣ "የግራው ይበልጣል" አሏቸው።