የዳቪዴ አማት የዓርብ ወጥ

አዲስ አበባ አብረን ስናድግ ዳቪዴ ውኃ ይፈራ ነበር። ዛሬ ከሮም አጠገብ ካለችው ከአንዚዮ ቱሪስቶችን በጀልባ እያወጣ ሻርክ ያሳያል። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ አትንኩ፣ አታሳድዱ፣ በተለይ አታጉርሱ። «ሰው ከለመዱ አጥማጅ ይጨርሳቸዋል» ይላል፣ እንደ ሰባኪ ጣቱን ቀስሮ።

ባለፈው ዓርብ የአንድ ባሕር ጠባቂ ማኅበር ኃላፊ የሆነችው ስቴፋኒያ፣ የዳቪዴን ሥራ በገንዘብ ለመደገፍ አስባ አብራን ወጣች። ስንመለስ ሮም ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ያለው ቤቱ ለምሳ ወሰደን። ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ አማቱ ወይዘሮ ለተ ማርያም የዓሣ ወጥ ሠርተው ነበር። ስቴፋኒያ ገና ሳትደላደል አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሷት።

«ግሩም ነው! ምን ዓሣ ነው?» አለች እያኘከች።

«ፓሎምቦ ነዋ! እንግዳ እሾህ እንዳያንቀው ሁልጊዜ እሱን ነው የምገዛው።»

ዳቪዴ ፊቱ ነጣ። ፓሎምቦ ትንሽ ሻርክ መሆኑን ያውቃል፤ በየዓርቡ ወጡን ሲጠርግ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«እማማ፣ ሻርክ እኮ አበሉን!»

«ታዲያስ? አንተ ጠዋት ማታ ስታያቸው ውለህ ባዶ እጅህን ትመጣለህ!»

ስቴፋኒያ መትፋት ነውር፣ መዋጥ ኃጢአት ሆነባት። በመጨረሻ ዋጠችው። ወይዘሮ ለተ ማርያም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

«አሎራ፣ እንግዲያውስ» አለች ስቴፋኒያ ዳቪዴን እያየች፣ «ሁለተኛው ምስር ከሆነ እደግፍሃለሁ።»

ዳቪዴ ምስር ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ።