ዳንቴል የለበሰው ፍሪጅ

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጽጌ ፍሪጅ የገዙት ምግብ ሊያቆዩበት አይደለም፤ እንግዳ እንዲያየው ነው። ባለሁለት በር፣ ከቁም ሣጥን የሚበልጥ ነገር መርጠው ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ገተሩት። የመጣበትን ላስቲክ እንኳ ሳይልጡ ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል አለበሱት። ውስጡ የነበረው አንድ ጣሳ ቅቤና ግማሽ ሎሚ ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ «ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ምኑን ያቀዘቅዛል?» ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

«እትዬ ጽጌ፣ ከነቀሉት አይቀር ውስጡን ወልውለው በሩን ገርበብ ያድርጉት፤ በዚህ በሐይቅ ዳር ከተማችን ወበቅ ታፍኖ ይሸታል» አልኋቸው።

«ሳሎን ውስጥ በሩን ከፍቼ? ባዶነቱን አገር ይየው?» አሉና ቆለፉት። ቅቤውን እንኳ አላወጡም።

የፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ የተረፈውን ሥጋ ሊያስገቡ ቁልፉን እያንቀጫቀጩ ሄደው ከፈቱት። የወጣው ሽታ እንግዳውን በሙሉ በር ላይ አጋፋው። የፍሪጁ ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል።

«አስመስለው የሠሩትን ነው የሸጡልኝ!» ብለው ነጋዴውን ረገሙ። ፍሪጁን ዳግመኛ አልሰኩትም፤ ዳንቴሉን ግን አጥበው፣ ተኩሰው መልሰው አለበሱት።

ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያምራቸው ጆግ ይዘው እኔ ቤት ይመጣሉ። ትናንትም ቀለሙ ከለቀቀው አሮጌ ፍሪጄ የቀዳሁላቸውን ግጥም አድርገው ጠጡና፣ ፍሪጄን ከላይ እስከ ታች በሐዘኔታ አዩት።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ራቁቱን ታቆሚዋለሽ? ዳንቴል ልሥራልሽ?»