እውነተኛውን ዋጋ የነገርኋቸው እኔ ነኝ

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት ጨው ነጋዴ ነበርሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌን ፈትቼ፣ ከንብረቱ የደረሰችኝን አንዲት አህያ ይዤ፣ መርጡለ ማርያም ገበያ አሞሌ እየገዛሁ ቁይና ደብረ ማርቆስ እሸጥ ነበር። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከወንድሜ እኩል ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ዳዊትም ደግሜአለሁ። ይህንን የምጽፈው እሳቸው ባስተማሩኝ ፊደል ነው። ምን እንደምጽፍበት ቢያውቁ ኖሮ ባላስተማሩኝ።

አሞሌ እንደ ሞረድ ድንጋይ ተጠርቦ የሚመጣ ጨው ነው። ይበላል፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘራል። ስለዚህ ጨው ነጋዴ የአገሩን ኑሮ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። መንገድ ሲዘጋ፣ እህል ሲደበቅ፣ ሰው ሲፈራ፣ መጀመሪያ የሚያሳብቀው ጨው ነው። እኔም ይህን በማወቄ እኮራ ነበር።

የጣሊያን ሹሞች ገበያው መግቢያ ካለው ወይራ ላይ የተመን ሰሌዳ ሰቅለዋል። ጤፍ በቁና ይህን ያህል ሊሬ፣ ገብስ ይህን ያህል፣ ቅቤ ይህን ያህል። ከዚያ አስበልጦ የሸጠ እህሉ ይወረሳል፤ ጀርባውም ይገረፋል። ሰሌዳው ከተሰቀለ ጀምሮ ቁጥሩ አንድ ቀን አልተለወጠም። ዝናብ ሲያደበዝዘው መጥተው በዚያው ቁጥር ላይ ያደምቁበታል። በዚያ መሐል ግን መንገድ ሥራ የወጣው ሰው ሁሉ በወረቀት ሊሬ ይከፈለዋል። ወረቀቱ ከጣሊያኖቹ ምሽግ በየሳምንቱ በጆንያ ይወጣል። ጤፍ የሚወጣው ከመሬት ነው፤ ያን መሬት የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ወይ ለመንገዱ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ወይ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቷል። ሻጩ ወረቀት ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ጠገራ ብር ሲያይ ፊቱ ይፈታል።

ታዲያ ገበያው ዘዴ አበጀ። አንድ ቀን ከአጠገቤ ጤፍ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ አንድ የመንገድ ሠራተኛ መጣ።

«ጤፉ ስንት ነው?»

«በተመኑ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አለልህ።»

«እንግዲያ አንድ ቁና ስፈሪልኝ።»

«መስፈሪያ ይዘሃል?»

«ከየት አባቴ ላምጣ?»

«እንግዲያው የኔን ቁና ተከራየኝ። ኪራዩ አንድ ጠገራ ነው።»

ገበያውን የሚጠብቀው ባንዳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። የተጣሰ ሕግ የለም። ጤፉ በተመኑ ተሸጠ፤ ቁናው ተከራየ። ከዚያ በኋላ ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን፣ ማር ሻጮቹ ገንቦአቸውን ማከራየት ጀመሩ። ጠገራ የሌለው ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ወደ እኔ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የዚሁ የጎጃም ሰው ነበር፤ በልጅነቱ ዲማ ቅኔ ተምሮ፣ ኋላ ምጽዋ ወደብ ሲሠራ ጣሊያንኛ የለመደ። አርባን ያለፈ፣ ድምፁ የለዘበ፣ ሰው ሲያነጋግር የማይቸኩል ሰው ነው። አሞሌ ሊገዛ መስሎ ጎንበስ አለና፣

«እህቴ፣ ይህ ቁና ማከራየት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ደነገጥሁ። «እኔ ጨው ነው የምሸጠው ጌታዬ፤ ቁና የለኝም።»

«አትፍሪ። ለማስቀጣት አይደለም። የኛ ካፒቴን ዋጋው እንደ ድሮው ነው፣ ሕዝቡም ጠግቧል እያለ ወደ አዲስ አበባ ይጽፋል። የሚጽፈው ከሰሌዳው እየገለበጠ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ እንግዲያ የእርዳታ ዱቄት ምን ያደርግላቸዋል ይላሉ። እውነቱን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ዱቄት ይመጣል፤ ከገበሬው መንጠቁም ይቀራል።»

«እርስዎ ለምን አይነግሩትም?»

«እኔማ ገበያ አልውልም። አንቺ ሦስት ገበያ ትውያለሽ። ማንበብም ትችያለሽ ብለውኛል።»

ዱቄቱ ይመጣል ብዬ አመንሁ። እሱ ራሱ አምኖ ይሁን አታልሎኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም አንዳንድ ቀን አምኖ ነበር እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እረግመዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ካፒቴኑ ፊት ቀረብሁ። ወንበር ሰጡኝ። በሕይወቴ ሹም ፊት ወንበር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ካፒቴኑ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የአገሩን ካርታ ዘርግቷል። ስለ ቁናው ኪራይ ስነግረው እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ጻፈው። ጣሊያን ሳይገባ አንድ ጠገራ አምስት ቁና ጤፍ ይገዛ እንደነበር፣ አሁን ሁለት እንኳ መግዛት እንዳቃተው፣ ሊሬው ደግሞ በትእዛዝ ከተቆረጠው እጥፍ ካልተጨመረበት ጠገራ እንደማያመጣ አንድ በአንድ አስረዳሁት። ስናገር ብዕሩ ይሮጣል። እኔ የተናገርሁትን ሰው ሲጽፈው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ፤ ዛሬ የሚያመኝ ይኸው ደስታዬ ነው።

ስወጣ የይለፍ ወረቀት ሰጡኝ። በየኬላው ጨዬን የሚፈትሽ፣ ቀረጥ የሚጠይቅ ቀረ። ሌሎቹ ነጋዴዎች አህያቸውን አራግፈው ተራ ሲጠብቁ እኔ ወረቀቴን አሳይቼ አልፋለሁ። ሁለት አህያ ጨመርሁ።

ለሁለት ወር ያህል ከመርጡለ ማርያም፣ ከቁይ፣ ከዲማ አካባቢ የሰማሁትን ዋጋ እያመጣሁ ለአስተርጓሚው ነገርሁ። አንድ ቀን ካፒቴኑ ራሱ ደግሞ አስጠራኝ። ያን ቀን የጠየቀኝ ስለ ዋጋ አልነበረም።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የጎጃም ሰው ሸዋን ይጠላል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ይልሻል» አለኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር፤ እኔ እንጃ ማለትም እችል ነበር። ግን አዋቂ ተደርጌ ተጠይቄአለሁ። «ሸዋን ያየ ስንት ሰው አለ ብለው ነው ጌታዬ? ሰው የሚጣላው ከሚዋሰነው ጋር ነው» አልሁ።

ሲተረጎምለት ካፒቴኑ ቀና አለ። «ማን ከማን ጋር?»

እኔም እንደ ጨዋታ አወራሁ። የተወለድሁበት ቀበሌ ቁይና ዲማ መካከል ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ቀበሌ አለ። የማዶዎቹን በሬዎች አርበኞች ለስንቅ አርደውባቸው አኩርፈዋል። የኛዎቹን፣ እህላቸውን ደብቀው ለአርበኛ በጠገራ ይሸጣሉ እያሉ ያሟቸዋል። የኛዎቹ ደግሞ የማዶዎቹ ጭቃ ሹም ወደ ጣሊያን አዘንብሏል ይላሉ። ይህን ሁሉ ገበያ ለገበያ የሚወራ ነው ብዬ ነገርሁት።

ካፒቴኑ ካርታውን ወደ ራሱ ስቦ፣ «ጨው ከሁሉ ይልቅ የተወደደው የት ነው?» አለ።

«እኛ አገር፣» አልሁ። «አንድ ሰው በጅምላ ይገዛዋል። ጤፍ ደግሞ እዚያ ርካሽ ነው፤ ግን ወደ ገበያ አይወጣም።»

አስተርጓሚው አልተረጎመም። ዓይኔን አየኝ። ጨው በጅምላ የሚገዛበት፣ እህል ከቦታው የሚቀርበት አገር አርበኞች የሚሰነቁበት መሆኑ እሱ ገብቶታል። ለእኔ የገባኝ ዓይኑን ሳይ ነው። ካፒቴኑ «እህ?» አለው። ተረጎመ። ካፒቴኑ ካርታው ላይ በእርሳስ ክብ አደረገ።

እዚያ ወደሚያርሰው ወንድሜ ሄጄ እህልህን አሽሽ ማለት ነበረብኝ። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። የማይረባ ወሬ ነው፣ በአንድ ሴት አፍ ጦር አይዘምትም ብዬ ራሴን አታለልሁና መርጡለ ማርያም ጨው ልገዛ ሄድሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ስደርስ ጤፍ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሰዉ ይገፋፋል። ቁና የሚያከራይ የለም። ጤፉ የሚሸጠው ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ሰሌዳው እውነት የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው። ዱቄቱ መጣ ማለት ነው፣ ነጋዴው የደበቀውን ለማውጣት ተገደደ ብዬ ደስ እያለኝ በእህሉ መካከል አለፍሁ። ከዚያ አንድ ስልቻ አየሁ። ጎኑ ላይ በቀይ ጠፍር የተጣፈ ነው። ስፌቱ የእኔ ነው፤ ወንድሜ ቤት ለመስቀል ሄጄ በእጄ የሰፋሁት ነው። ጨርሼ ሳሳየው ስፌቱ እንደ ጠባሳ ነው ብሎ ስቆብኝ ነበር።

ሻጩን አውቀዋለሁ፤ የማዶ ሰው ነው። አዲስ ጠመንጃ ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።

«ይህ ስልቻ የማን ነው?» አልሁት።

«የኔ ነዋ። ምነው? ጨው ልትጨምሪበት ነው?» አለና ሳቀ። የስልቻው ባለቤት እህት መሆኔን አላወቀም፤ ወይም አውቆ ተወኝ።

ወደ ምሽጉ በር ሮጥሁ። አስተርጓሚው ወጣ።

«ምን አደረጋችሁ? ወንድሜስ?»

«ወንድምሽ አለ። ሁለት ሰው ነው የሞተው።» ድምፁ እንደ ወትሮው የለዘበ ነው። «እኔ የነገርሽኝን ነው የነገርሁት። አንድ ቃል አልጨመርሁም።»

«ዱቄቱስ?»

«እህል ከተገኘ ዱቄት ለምን ይመጣል?» አለኝና ገባ።

አገሬ የደረስሁት በማግስቱ ማታ ነው። ነገሩን ከወንድሜ ሚስት ሰማሁ። ለማዶዎቹ ጠመንጃ ታደላቸው፤ ከሚያገኙት እህል እኩሌታው የእናንተ ነው ተባሉ። ከጥቂት ባንዳ ጋር ጎህ ሲቀድ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ጣሊያን አንድም አልነበረም። ጎተራውን ገለበጡ፣ ጉድጓዱን ከፈቱ፣ መሸከም ያቃታቸውን አቃጠሉ። ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የእሷ አባት ናቸው፤ ጎተራውን አቅፈው አልለቅም ሲሉ እዚያው ተገደሉ።

ወንድሜን አያ እለው ነበር፤ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አመድ ላይ ተቀምጦ ያረረ ጤፍ በጣቱ ይለያል።

«ማን ጠቆመ?» አለኝ ሳይነሳ።

«እኔ ምን አውቃለሁ አያ?»

«የማዶዎቹ ናቸው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! ግን ጣሊያኑ እኛን ለይቶ ማን አሳየው?»

«ምናልባት ገበያ ላይ ታውቆ ይሆናል።»

«ገበያ ላይ ጎተራ ይታያል እንዴ?»

አጠገቡ ተቀምጬ ጤፉን አብሬው መለየት ጀመርሁ። ያን ጊዜ ብናገር ይገድለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያስፈራኝ ሞት አልነበረም። እህቴ አዋቂ ናት እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ያን እንዳላጣ ፈራሁ።

በፋሲካው ማግስት ወንድሜ ወንዙን ተሻግሮ አንድ ሰው ገደለ። የገደለው ሰው ጠመንጃ አልቀበልም ብሎ የቀረው ነበር። ሌሎቹ የጦር መሣሪያ ስላላቸው፣ ማሳው ላይ ብቻውን የተገኘው እሱ ነው። ወንድሜ ደም ተቃብቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደና ክረምቱን ሳይጨርስ በንዳድ ሞተ። የተቀበረበትን የሚያውቅ የለም።

እኔ የይለፍ ወረቀቱን አልቀደድሁትም። ይህን የሚያነብ ሰው ቀደድሁት እንድለው ይጠብቅ ይሆናል። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በዚያ ወረቀት ነገድሁ፤ የወንድሜን ሚስትና የሁለት ዓመት ልጁን ያበላሁትም በዚያው ነው። ለአስተርጓሚው ግን ከዚያ በኋላ ዋጋ ነግሬው አላውቅም። እሱም አልጠየቀኝም፤ የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቀበሌ ለደም ማድረቅ ሰበሰቧቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው፣ «የዚህን ነገር መነሻ የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር፤ ዛሬ ካልተናገረ እግዚአብሔር ይፍረደው» አሉ። ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። የኛዎቹ ማዶዎቹን ጠቋሚ አሉ። ማዶዎቹ ጠመንጃ መቀበላችንን አንክድም፣ ጥቆማ ግን ከእኛ አልወጣም ብለው በመስቀል ማሉ። ማንም አላመናቸው። ካሳ ተቆረጠ፣ በግ ታረደ፣ ተሳሳሙ። ጋብቻ ግን ተቋረጠ።

አስተርጓሚው የትም አልሄደም። ሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ስለነበር አዲሶቹ ሹሞች ግብር ቤት ጸሐፊ አደረጉት፤ ሸምግሎ በአልጋው ላይ ሞተ።

የወንድሜን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከማዶ አንድ የተረጋጋ፣ አራሽ የሆነ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። እሷም ወድዳው ነበር። ዘመዶቿ፣ የአባቷን እህል ለዘረፈ ዘር አንሰጥም፣ እነሱ ጠቋሚ ናቸው አሉ። ጠቋሚዋ እዚያው ጠላ እየቀዳች ነበር። አልተናገርሁም። ለሌላ ተዳረች፤ ሰውዬው ሰካራም ሆነባትና ፈትታው ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ፣ እሷም ሸብታለች፣ ሁሉንም ነገርኋት። ካፒቴኑን፣ ወንበሩን፣ ካርታው ላይ ያደረገውን ክብ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ለአባቴ ነግረሽው ነበር?» አለች።

«አልነገርሁትም።»

«የማዶው ልጅ ሽማግሌ የላከ ጊዜስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነሥታ ሄደች። አሁንም በየእሑዱ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ይቅር ብላኝ ሳይሆን እኔ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። ሳህኑን አስቀምጣ፣ ያለፈውን ሳምንት ሳህን አንሥታ ትወጣለች። ቁጭ በይ እላታለሁ። አትቀመጥም።