ስትወርድ ያልነካችው ብረት

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ የተሳፈርኩበት የከተማ አውቶቡስ በሩ አጠገብ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ማሽን ተገጥማለት አገኘሁ። የመሳፈሪያ ካርዱን ከገዛሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ፊት መሳሳት ስለማልወድ በኪሴ ይዤው ስዞር ነበር የሰነበትኩት። ያን ዕለት ዝናቡ አጣደፈኝና የኪስ ቦርሳዬን እንኳ ሳልከፍት እንዳለ አስጠጋሁት። ማሽኗ ቀይ አበራችና ዝም አለች። ደገምኩ። አሁንም ቀይ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ሾፌሯ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ ከባንክ ካርድዎ ጋር አብረው ይዘውት እኮ ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲያወሩባት የማንን እንደምትሰማ ይጠፋታል። ለይተው ያስጠጉት» አለችኝ። ለይቼ አስጠጋሁት። ማሽኗ «ጢጥ» አለች፤ አረንጓዴ በራ፤ ገባሁ። ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም።

ያቺ ድምፅ ግን አብራኝ ገብታ መስኮቱ ጥግ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ እየተንቆረቆረ መንገዱንና ሕንፃውን ሲያደበዝዝብኝ፣ በቦታው የመካነ ሰላም መናኸሪያ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ታየኝ። ይህችን «ጢጥ» መጀመሪያ የሰማኋት እዚያ ነው። ማሽን ግን አልነበረም። እህቴ ዘምዘም ናት በአፏ ያሰማችኝ።

ዘምዘም በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እስከ ዛሬ እታለም ነው የምላት። ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሄደች ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የሁለት ወር ዕረፍት አግኝታ መጣች። እኔ በዚያ ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ጢሜ ብቅ ብቅ ብሎ፣ ደሴ አንድ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ለመማር ተቀብሎኝ ነበር። ከእግሬ ጫማ እስከ ቤታችን ቆርቆሮ ድረስ እሷ ያልላከችው ነገር አልነበረም። ኮሌጁንም የምትከፍልልኝ እሷው ነበረች። ዕረፍቷ አለቀና የመመለሻ ወረቀቷን ለማስጨረስ ደሴ መውረድ ነበረባት፤ እኔም ምዝገባዬ ደረሰ። ስለዚህ አብረን እንድንሄድ ሆነ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እናቴ የመንገድ በሶ እያዘጋጀች ጠራችኝ። በሶው ገና ትኩስ ስለነበር ቤቱ ሁሉ የተቆላ ገብስ ይሸት ነበር።

«ሰይድ፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አትሂጂ ብዬ ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል። የእናት ነገር ነው ብላ ታልፈዋለች። አንተ ቅሪ ካልካት ግን ትቀራለች።»

«እኔ ማን ነኝና እማዬ?»

«ለማን ሆነና የምትሄደው? በቃኝ እታለም፣ እኔ ሌላ መላ አላጣም፣ ቅሪ በላት። ደሴ ሳትደርሱ በላት። ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ» አልኳት።

ማልኩ እንጂ ልቤ ግማሽ ነበር። ቅሪ ካልኳት ኮሌጁ ቀረ ማለት ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ደረት ኪሴ ላይ እስክሪብቶ ሰክቼ፣ መድኃኒት ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ስቆም ስንት ጊዜ በሕልሜ አይቻለሁ መሰላችሁ! ከበሶው ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁና ወደ ውጭ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያው ብርድና አቧራ፣ የናፍጣ ጭስና የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበር። ከቅጥቅጥ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሰዎች ጆንያና ፍራሽ ያስራሉ። ዘምዘም ከፊቴ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም አለችና ከሻርፗ ሥር ትንሽ ቦርሳ አውጥታ፣ በሩ አጠገብ ያለውን የብረት መያዣ ነካችበት። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አንድ ነገር ትጠብቅ ጀመር። ምንም አልመጣም። ከኋላችን ጃንጥላ የያዙ ቄስ ነበሩ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ይኼ ደግሞ የማን ታቦት ነው? እኛም እንሳለመው እንዴ?»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ዘምዘምም አፏን በሻርፗ ይዛ፣ «አፉ በሉኝ አባ፣ እጄ ነው ያሳሳተኝ» እያለች ገብታ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ግን ደነገጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ቤታችን ስትበላና ስትተኛ፣ ከጎረቤት ስትጫወት፣ መጥታለች ብዬ ነበር። እጇ ግን ገና አልመጣም።

ረዳቱ ብሩን በጣቶቹ መካከል ሰካክቶ ሂሳብ ከተቀበለን በኋላ ቄሱ ካሉበት ተሻግረው፣ «እንግዲህ ንገሪን፣ ምን ልትነኪ ነበር?» አሏት። ዘምዘም ከቦርሳዋ አንዲት ነጭ ካርድ አወጣች። እዚያ ረዳት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ በሩ ላይ ማሽን እንዳለች፣ ካርዷ ከነቦርሳዋ እንኳ ጠጋ ብትል ማሽኗ «ጢጥ» ብላ እንደምታስገባ ነገረችን። «ጢጡን» ከንፈሯን ሰብስባ እንዲህ አሳምራ ስታወጣው ቄሱ ድገሚው አሏት። ደገመችላቸው።

«ባትሪው የቱ ጋ ነው?» አልኳት ካርዷን እያገላበጥኩ።

«ባትሪ የላትም። አብራኝ የምትሠራ የፊሊፒንስ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ዙሪያዋን ተጠምጥሟል። እንዲሁ ስትይዛት የተኛች ናት፤ ስለምንም አታውቅም። ማሽኗ ደግሞ ዓይን የማያየው ኃይል ሁልጊዜ ወደ ውጭ ትልካለች። ካርዷ ጠጋ ስትል ሽቦው ያን ኃይል ይቀበልና ይቀሰቅሳታል። ነቅታ ቁጥሯን ትናገራለች፣ ማሽኗ ሰምታ ሂሳቡን ትቆርጣለች፣ ጢጥ! ስትርቅ መልሳ ትተኛለች። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ ያልቃል።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ቄሱ። «እኔንም ማለዳ ማለዳ እንዲህ የሚቀሰቅሰኝ ባገኘሁ።»

ካርዷን በመስኮቱ በኩል ወደ ፀሐይ አንስቼ አየኋት። የሽቦው ጥላ የመሰለ ነገር ዙሪያዋን ሲሄድ ያየሁ መሰለኝ፤ ምናልባት የምኞቴ ሊሆን ይችላል። ከካርዷ ባሻገር የገብሱ ማሳ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የአደይ አበባ መንገዱን ይዞ ይከተለናል።

«ዋናው ግን መውረዱ ነው» አለች ዘምዘም ካርዷን ተቀብላኝ። «ስትወርድም መንካት አለብህ። ካልነካህ መውረድህን በምን ታውቃለች? ገና መንገድ ላይ ነው ብላ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ያለውን ትቆርጥብሃለች። መጀመሪያ ሰሞን እረሳው ነበር። እኔ ቤት ገብቼ፣ ሥራዬን ጨርሼ፣ ተኝቼ እንኳ፣ እሷ ዘንድ ገና እየተጓዝኩ ነው።» ይህን ስትል ሳቀች፤ እኔ ግን ያ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

አቀስታ ለምሳ ቆምን። ቄሱ እዚያ ወራጅ ነበሩ። ዘምዘም ከአንዲት ሴት የባቄላ እሸት በእቅፍ ገዝታ ጭኔ ላይ ዘረገፈችው። ቄሱ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ በመስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ታዲያ ልጄ፣ ተመልሰሽ ልትሄጂ ነው?»

«ኢንሻአላህ አባ።»

«እኔ እንግዲህ በሰው ኑሮ አልገባም። ግን እናት ካለችሽ፣ ቅሪ እንጂ።»

እንዲህ ቀለል አድርገው፣ የጃንጥላውን ዘንግ እያጠበቁ ተናገሩት። እኔ ከመካነ ሰላም ጀምሮ በጉሮሮዬ ይዤው የመጣሁትን ቃል አንድ መንገደኛ ባንድ ትንፋሽ ብሎት ሄደ። ዘምዘም ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አንገቴን ደፍቼ እሸቱን መፈልፈል ቀጠልኩ። ልጣጩን ስሰነጥቀው የሚወጣው አረንጓዴ ሽታ ዛሬም ባቄላ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ያቀላዋል።

ከጊምባ በኋላ መንገዱ ወደ ብርዱ ወጣ። ጉጉፍቱ ላይ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ መብራት አብርቶ እንደ ሽማግሌ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ጅብራው፣ ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ አንድ አንድ እያለ ከጉሙ ብቅ ብሎ መልሶ ይጠፋል። የሞተሩ ድምፅ እንኳ ከሩቅ፣ ከሌላ መኪና የሚመጣ ይመስል ነበር። ዘምዘም ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች፤ የውጭ አገር ሽቶዋና የእኛ ቤት ጭስ አንድ ላይ ይሸቱኛል። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ስለምኑ?»

«ስለመሄዴ።»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከደረት ኪሴ ደግሞ የኮሌጁ ወረቀት በተነፈስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ተናገሩብኝ።

«አንቺ እንደመሰለሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ትከሻዬ ላይ እንዳለች ቀረች።

አሥር ሰዓት ገደማ ደሴ ገባን። የኮሌጁን ሰፈር ለመጠየቅ ወረቀቴን አውጥቼ ይዤ ቀድሜ ወረድኩ። ቀና ስል ዘምዘም በሩ ላይ ናት። ቦርሳዋ ከሻርፗ ሥር ወጣች፤ እጇ ወደ ብረቱ ተዘረጋች። አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን መልሳ ወረደች።

«ማሽን እኮ የለውም» አልኳት እየሳቅሁ።

«አዎ፣ የለውም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሄደች። ዘጠኝ ዓመት ቆየች። እኔ ነጭ ጋውኔን ለበስኩ፣ እስክሪብቶዬንም ሰካሁ። በአራተኛው ዓመት እናታችን ስትሞት ዘምዘም እዚያው ነበረች፤ ለቅሶዋን በስልክ ነው የሰማሁት። አሁን ተመልሳ እናታችን ቤት ትኖራለች፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ስንደዋወል ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን። ስለዚያ መንገድ አንስተን አናውቅም ነበር። እኔ ምንም አላልኳትም፣ ስለዚህ ምንም አላደረግኋትም እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው የኖርኩት።

ሐሙስ ዕለት ከአውቶቡሱ ስወርድ እጄ ሳላዘው ወደ ማሽኗ ሄደ። ሾፌሯ፣ «ሲወርዱ አያስፈልግም ጋሼ፣ ሲገቡ ብቻ ነው» አለችኝ። ከአንድ ሱቅ ክዳን ሥር ተጠልዬ ለዘምዘም ደወልኩላት።

«እታለም፣ እዚህም እኮ መጣልን።»

«ምኑ?»

«ጢጥ የሚለው።»

ከልቧ ሳቀች። «ሲወርዱስ ይነካል?»

«አይነካም።»

«ታዲያ መውረድህን በምን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የዚያን ቀን ደሴ ላይ ልነካው ነበር እኮ» አለችኝ።

«ማሽን እንደሌለው ትዝ ብሎሽ የተውሽው ነበር የመሰለኝ።»

«እሱን መች አጣሁት! ከጉጉፍቱ ጀምሮ ከራሴ ጋር ስማከር ነው የመጣሁት። ከነካሁት መንገዴን ጨረስኩ ማለት ነው፣ ነገ ወደ እናቴ እመለሳለሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።»

«ምን ያዘሽ?»

«ከታች ቆመህ ነበር። ያን ወረቀት እንዳይጨማደድ በሁለት እጅህ ይዘኸው።»

እኔም እማዬ በዋዜማው ያስማለችኝን ነገርኳት። አለመንገሬ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የከበደኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ጓዳ ሆኜ ሰምቻችኋለሁ። መንገዱን ሁሉ እስክትለኝ ስጠብቅ ነበር።»

አለቀስኩ። ሽበት ያወጣ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ዝናብ ደግ ነው፤ ፊቱን ይሸፍንለታል። እሷ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የተጠየቅሁት፤ ያንን ቃል ለመናገር ጎኗ ተቀምጬ አንድ ሙሉ ቀን ተሰጥቶኝ ነበር።

«እታለም» አልኳት።

«አቤት።»

«ቅሪ።»

«የት ነው ደግሞ የምቀረው? ቤቴ አይደለሁ እንዴ!»

«ቢሆንም።»

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የገበያው ሁካታ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ስለ ጨርቅ ዋጋ ይጠይቃታል። አልመለሰችለትም። እንደዚያን ዕለት ጠዋት ከንፈሯን ሰብስባ፣ «ጢጥ» አለችኝ።