ካራማራ ላይ ያለቀሰው ሞተር

ዛሬ ንጋት ላይ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ካራማራ ዳገት ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ እንደ ሰው አለቀሰ።

ሹፌሩ አብዲ መኪናውን ዳር አቆመ። ሞተሩ አልጠፋም፤ ልቅሶውም አላቋረጠም። ከኮፈኑ ስር የሚወጣ ቀጭን የሴት ድምፅ ነበር።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እንዳትወርጂ! ወላሂ ጂን ነው!» አለኝና ቁርአን መቅራት ጀመረ።

ወረድኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ።

የዘይቱን ክዳን ስከፍት ልቅሶው ቀጥ አለ። መልሼ ስገጥመው እንደገና አለቀሰ።

ያኔ ገባኝ። ሞተር ውስጡ የሚታመቀውን ጋዝና እንፋሎት በአንድ ቱቦ ይተነፍሳል። ሲበርድ እንፋሎቱ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ቱቦውን ይደፍነዋል። የታፈነው ግፊት ዘይት እንዳይፈስ በሚያግዱት የጎማ ማሸጊያዎች ጠርዝ ሲያመልጥ ያለቅሳል፤ ሲብስም ይቀድዳቸዋል፤ ዘይቱ ካለቀ ሞተሩም አለቀ። ለዚህ ነው ቱቦው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚገጠመው።

የእኛን ማሞቂያ ሽቦ የጋራዡ ኃላፊ ቆርጦታል። ባለፈው ወር ይቀጠል ብዬ ስነግረው «ሶማሌ ክልል ውስጥ ማሞቂያ? አውሮፓ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ በሠራተኛ ፊት ሳቀብኝ። በጽሑፍ ሳመለክት እኔን፣ አውቶሞቲቭ የተማርኩትን፣ መዝገብ ቤት አስቀመጠኝ፤ ዛሬም ፋይል ላደርስ ነበር የምሄደው። (ፋይል ቢያንስ አያለቅስም።)

ሞተሩን አጥፍተን ቱቦውን ስነቅለው በብርድ የረጋ ነጭ ቅባት ዱብ አለ። ለጋራዡ ኃላፊ ደወልኩለት።

«ማን ንኪ አለሽ?» አለኝ።

«ነገ ጋራዥ እመጣለሁ። ሽቦውን አንተው ፊት እቀጥለዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ቱቦውን ጠርጌ ገጠምኩና ጉዞ ቀጠልን። ድምፁ የለም።

«ጂኑ ወጣ?» አለኝ አብዲ።

«አልወጣም። ቢሮ ቁጭ ብሏል።»

እናንተስ፣ በብርድ ማለዳ መኪናችሁ አልቅሶባችሁ ያውቃል? የእናንተንስ ሽቦ የቆረጠው ማን ነበር?