የአማቴ ቀለበት እና የእኔ ማሽን

ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱን ኮስተር አደረገና «መምህር፣ የሚያዝናናዎት ነገር ይፈልጉ» አለኝ። ነቀምቴ ውስጥ ሃምሳን ለተሻገረ ወንድ የተዘጋጁ መዝናኛዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ቢራ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ቢራ ዋጋ ማማረር ነው። ቢራውን ራሱ ሐኪሙ ከለከለኝ። ሳይጠጡ ማማረር ደግሞ ደም ግፊት ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ማሽኑን መጀመሪያ ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። በሆነ አረንጓዴ አገር ጡረታ የወጡ ፈረንጅ ሽማግሌዎች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የሚመስል ነገር ያለው ዘንግ ይዘው፣ እርሻ ለእርሻ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ዘንጉ ሲጮህ ይንበረከካሉ፣ ይቆፍራሉ፣ አንድ የዛገ አዝራር ያወጣሉ፣ ከዚያ እንባ እስኪተናነቃቸው ይደሰታሉ። ማንም መጥቶ «የማንን መሬት ነው የምትቆፍረው?» አይላቸውም። እኔን የማረከኝ አዝራሩ ሳይሆን ይሄ ነው።

ወለጋ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማሽን ብርቅ አይደለም። ወርቅ ፍለጋ ወደ ምዕራብ የወረደ ብዙ ሰው ይዞት ይወርዳል፤ ያልቀናው ደግሞ ይዞት ይመለሳል። የእኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ካልቀናቸው ነው። «ጥሩ ማሽን ነው ባርሲሳ» አለኝ፤ ባርሲሳ እዚህ መምህር ማለት ነው። ጥሩ ከሆነ ለምን እንደሚሸጠው አልጠየቅሁትም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማስረጃ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያየሁት የማለፍ የረጅም ጊዜ ልምድ አለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የግቢያችንን ታሪክ ቆፈርኩ። ታሪኩ በአብዛኛው ቆርኪ ነው። ከቆርኪው በታች ሚስማር አለ፣ ከሚስማሩ በታች የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ከሁሉም በታች የሞተ የባትሪ ድንጋይ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የአጥሩን ጥግ ሁሉ ጎድጓዳ አድርጌ አንድ እፍኝ ዝገት ሰበሰብኩ፤ ደስም አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ «ሐኪሙ ያየህ ደም ግፊትህን ብቻ ነው?» ብላ ገባች።

የሰፈሩን ሰው ማሳመን ግን አልቻልኩም። «ለመዝናናት ነው» ስል ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም። ጤነኛ ሰው ለመዝናናት መሬት አይቆፍርም፤ መሬት የሚቆፈረው ለድንች፣ ለሽንት ቤት ወይም ለሬሳ ነው። ስለዚህ ወርቅ አግኝቻለሁ ተባለ። በሳምንቱ ያገኘሁት ወርቅ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታዬን በግንባሩ ብቻ ሲመልስ የኖረ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ጋበዘኝ። ደሃ እንደሆንኩ ስነግረው ሻዩን ራሴ ከፈልኩ።

ወሬው ጉቴ ለመድረስ ከሚኒባስ ፈጠነ። ጉቴ አማቴ የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ከነቀምቴ ብዙም አትርቅም። ደወሉና «ማሽንህን ይዘህ ና» አሉኝ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የቀለበቱን ታሪክ የማያውቅ አማች በዚያ ቤት የለም።

ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እኔ ገና ልጃቸውን አላገባሁም ነበር። በአንድ መስከረም፣ ለመስቀል፣ የሰፈሩ ሴቶች በአማቴ ጓሮ አንጮቴ ሊቆፍሩ ተሰበሰቡ። አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ወለጋ የሚኮራበት ሥር ነው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ በመጣሁ ሰሞን «ድንች ነው የሚመስለው» ብዬ ስለነበር እስከ ዛሬ እንደ እንግዳ ነው የሚያዩኝ። ሴቶቹ ቆፍረው፣ አፈሩን ፈቅፍቀው፣ ተካፍለው ሲለያዩ አማቴ ጣታቸውን ቢያዩ ባዶ ነው። ሟች ባላቸው ያሠሩላቸው የወርቅ ቀለበት የለም። ተፈለገ፣ ጠፋ።

በእሑዱ ቄሱ «የወሰደም፣ የወሰደውን እያወቀ የሸሸገም የተወገዘ ይሁን» ብለው አወገዙ። ከዚያ አንጮቴ ቆፋሪዎቹ በሙሉ በየተራ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ እየያዙ «አልወሰድኩም፤ የወሰደውንም አላውቅም» ብለው እንዲምሉ ተደረገ። ሁሉም ማሉ። አንድ ሰው ብቻ ሳይምሉ ቀሩ፤ የአማቴ የአጥር ጎረቤት። «አልወሰድኩም» አሉ። «እንግዲያው ማይ» ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ለማሳመን ጠመኔ፣ ሰሌዳና አርባ ደቂቃ እፈጃለሁ፤ ጉቴ አንዲት ሴት ሌባ መሆኗን ያረጋገጠችው ያለ ምንም መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንፊት የሚያውሳቸው የለም። ለአንጮቴ አይጠሩም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ይስባሉ።

አሁን ደግሞ አማቴ መቁረብ ፈለጉ። የንስሐ አባታቸው «ከጎረቤትሽ ሳትታረቂ አይሆንም» አሏቸው። አማቴ ይቅር ለማለት ፈቃደኛ ናቸው፤ ሴትዮዋ መጀመሪያ እስካመነች ድረስ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ያቺ ሴት ቀለበቱን ጓሮዋ ቀብራዋለች፣ የእኔ ማሽን ያወጣዋል፣ እሷ ታፍራለች፣ እሳቸው በሰፊው ይቅር ይላሉ፣ ይቆርባሉ። ከዚያ ጓሮ አንድ ቢጫ ነገር ካወጣሁ ግን የሴትዮዋ ስም እስከ ልጅ ልጆቻቸው ድረስ አለቀለት። ሐኪሙ የሚያዝናና ነገር ያለኝ እንግዲህ ይሄን ነበር።

ወደ ጉቴ ስሄድ ኬላ ላይ ከሚኒባሱ አስወርደው ማሽኔን ፈተሹት። ፈታሹ በእጁ የያዘው መፈተሻ የእኔ ማሽን ላይ ሲደርስ ጮኸ፤ የእኔም ሳላጠፋው ኖሮ መልሶ ጮኸበት። ሁለቱ ሲጯጯሁ ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አየ። «ለምንድነው?» አለኝ ፈታሹ። ለመዝናናት ነው ብል እንደሚያሳድረኝ ስለገባኝ «የአማቴ ቀለበት ጠፍቶ ነው» አልኩት። «አማት ካለችበትማ ሂድ» አለኝ።

ስደርስ አማቴ አጥሩ ሥር ቆመው እየጠበቁኝ ነው። የሰው ጓሮ ያለ ፈቃድ እንደማልገባ ስነግራቸው ቅር አላቸው፤ እኔ ግን ወደ አጥሩ ጠጋ ብዬ ጎረቤታቸውን ጠራሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ባለቤቴ በምትስቅበት በእኔ አፋን ኦሮሞ የገባኝን ያህል ነው የምጽፈው። «አካም ጅርቱ» ተባባልን፤ ጤና፣ ልጆች፣ ከብት፣ ዝናብ ተጠያየቅን። ከዚያ አፍሬ እያየኋቸው የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ቀጭን ሴት ናቸው፤ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ቀና ብለው ማሽኑን አዩት።

«ግባና ፈልግ» አሉኝ። «ግን አታገኘውም፣ ባርሲሳ።»

አማቴ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። «ሰማህ? የት እንዳለ ካላወቀች አለመኖሩን በምን አወቀች?» 

ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአፈሩ ጋር መላመድ አለበት። የወለጋ ቀይ አፈር ራሱ ብረት አዘል ስለሆነ ያላመዱት ማሽን በየእርምጃው እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የሰው ጓሮ ገብቼ በሐሰት ለቅሶ ስም እንዳላጠፋ ብዬ መጀመሪያ የአማቴን አንጮቴ መሬት ላይ ላላምደው ወሰንኩ። አማቴ «እዚህማ ምን አለ?» እያሉ ተከተሉኝ። አንድ የማጭድ ስባሪ ወጣ። የጫማ ማሰሪያ ቀለበት ወጣ፤ አማቴ ልባቸው ድንግጥ አለና ተረጋጉ። እያላመድኩ ጓሮው ጥግ እስካለው ሙዝ ሥር ሄድኩ፤ ሴቶቹ የተቆፈረውን አንጮቴ እዚያ ተቀምጠው ነው አፈሩን የሚፈቀፍቁት። ማሽኑ አጠር፣ ጥርት ያለ ድምፅ አሰማ።

ስንዝር ያህል ቆፈርኩ። አፈሩን በጣቶቼ ስፈረፍር ወርቁ ብቅ አለ። ወርቅ ደግሞ አይዝግም፤ ያን ያህል ዘመን ተቀብሮ ትናንት የወደቀ ይመስላል። አማቴ አንጮቴውን ሲፈቀፍቁ ከጭቃው ጋር ከጣታቸው ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው።

አማቴ አገላብጠው አዩት። ጣታቸው ላይ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ጣታቸው አብጧል፣ አልገባም። ከዚያ «ፈርታ በአጥር ላይ ወርውራው ነው» አሉ።

«ስንዝር ሙሉ መሬት ውስጥ?»

«ስንት ዓመት ዝናብ ዘንቧል።»

አማቴ ቤት ገብተው ቆዩ፤ በጣም ቆዩ፤ ቡና ሊያፈሉ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰዋል። ከአጥሩ ሥር ለይቅርታ የሚያዝ እርጥብ ሣር ነጭተው በአንድ እጃቸው ያዙ፣ በሌላው ቀለበቱን። እንዲህ ያለ ዕርቅ በወጉ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቀጥሮ ነው። «ሽማግሌ እንላክ?» አልኳቸው። «ሌባ ስላት ሽማግሌ ልኬ ነበር?» አሉኝና ወደ ጎረቤታቸው በር ሄዱ። ካገባሁበት ቤት ሰው ሁሉ አብልጬ እኚህን ሴት ያከበርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሣሩን ዘርግተው በሩ ላይ ተንበረከኩ። ጎረቤታቸው ከበቆሎው ተነሥተው መጡ፤ ሣሩን አዩ፣ ቀለበቱን አዩ። የሚጮሁ፣ የሚያለቅሱ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ በአንድ የሚቆጥሩ መስሎኝ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አማቴን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«የት ነበር?»

«ሙዙ ሥር። መሬት ውስጥ።»

«ወንዝ ውስጥ አይደለም?»

«የምን ወንዝ?» አልኩ።

በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። አማቴ «ይቅር በይኝ» ሲሉ «ይቅር ብያለሁ፣ ተነሺ፣ ጉልበትሽን ያምሻል» አሏቸው፤ እግር ሥር የገባን ዶሮ እንደሚያባርሩ ያህል ነው ያሉት። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ ለሁለታችንም ሳይሆን ለመሬቱ ተናገሩ።

«ልጄ በዚያን ቀን በመካከላችን ሲሯሯጥ ነበር። ልጅ አይደለ፣ አንስቶት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። አልወሰድኩም አለኝ። ገረፍኩት፤ አልወሰድኩም አለኝ። እሑድ መሐላ አለ፣ ውግዘት አለ፤ ልጄን እርግማን ሊበላብኝ ነው ብዬ በርበሬ አጠንኩት። ጋቢ አልብሼ ጭሱ ላይ ያዝኩት። አልወሰድኩም እያለ ቆየ፤ ቆየና ወስጃለሁ፣ ወንዝ ውስጥ ጥዬዋለሁ አለኝ። ከዚያ የወሰደውን አላውቅም ብዬ እንዴት ልማል?»

አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። 

ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ነው። አኖ ከተማ ጎሚስታ ቤት አለው፤ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ለዓመት በዓል ይመጣል፣ ዳቦ ያመጣላቸዋል፣ ውሃ ጠጥቶ በመጨረሻው መኪና ይመለሳል። እናቱ ቤት አድሮ አያውቅም። ሰፈሩ ይህን የሚተረጉመው የሌባ ልጅ በእናቱ ስለሚያፍር ነው እያለ ነው።

እናቱ ስልካቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። «ዓይኔ አያይልኝም፤ ፈልገህ ደውልልኝ» አሉ። ደወልኩና፣ ጆሯቸውም ደከም ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጌ መለስኩላቸው። ልጁ ቶሎ አነሣው። ከጀርባው ብረት ከብረት ሲመታ ይሰማል።

«ሀርሜ፣ ማን ሞተ?» አለ እናቱን። በሥራ ቀን ደውለውለት አያውቁም መሰለኝ።

«ማንም አልሞተም። ቀለበቱ ተገኘ።»

ከወዲያ የሚመታው ብረት ቆመ።

«የት?»

«እዚያው እነሱ ጓሮ። መሬት ውስጥ።»

ብረቱን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማኝ። 

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ሀርሜ» አለ።

«ነግረኸኝ ነበር» አሉ።