የጓዳው በር

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከሰዓት በኋላ፣ የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከግድግዳው ውስጥ «ቀጭ» አለ። ወዲያው ደረቅ ጭቃ አልጋው ላይ ረገፈ። ትንሹ ልጄ እዚያ ላይ ተኝቶ ነበርና ብድግ አድርጌው፣ ትልቋን ልጄን ጠርቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። ብገፋው ብጎትተው አልከፈት አለ። ቤቱ ዘሞ መቃኑ በሩን ነክሶት ነበር። መስኮቱ ደግሞ ለሌባ ብለን ብረት ያስገጠምንበት ነው።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከአጥራችን ማዶ ለፎቅ ብለው ቆፍረው ትተውት ሄዱ፤ ጉድጓዱ ውሃ እያቆረ ወደኛ ሲሰርግ ከረመ።

ልጄን አቅፌ እንደቆምኩ እርጥብ ጭቃ ሸተተኝ። ያንን ሽታ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

ይሄ ቤት ሲሠራ ልጅ ነበርኩ። ያኔ ኮልፌ ከኛ ወዲያ ሜዳና ባሕር ዛፍ ነው። አባቴ ቋሚዎቹን ልጦ፣ ምስጥ እንዳይበላቸው እግራቸውን በተቃጠለ ዘይት ነክሮ ተከላቸው። ማገሩን ጎረቤቶች መቱለት። ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጥነው እኔና እናቴ ነን። ሰንብቶ ሲቦካ እንደ ጠላ ጥንስስ ይሸት ነበር።

እናቴ በጓዳ በኩል ሁለተኛ በር ይኑር አለች።

«ሁለት በር ለሌባ ነው» አላት አባቴ።

«ለሌባ ሳይሆን ለእኔ ነው። እሳት ቢነሳ በየት ልውጣ?»

ማገር የሚመታው ጎረምሳ ጎረቤታችን ከላይ ሆኖ ሳቀ። «እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩን፤ ከጋሼ ሊያመልጡ ነው አይደል?»

«ካስመረረኝማ በዋናው በር ነው የምወጣው፣ ሰው እያየኝ!»

አባቴም ሳቀ፤ ግን ግትር ነበር። በመጨረሻ በሁለት ቋሚዎች መሃል የበር ቦታ ተወላት፤ ቀጫጭን ማገር ብቻ አድርጎበት በጭቃ ይደፈን አለ። «ስትፈልጊ ታስከፍቺዋለሽ» አላት። ያንን ቦታ እኔና እሷ መረግነው። «እዚህ ጋ አታወፍሪው፣ ነገ ይፈርሳል» ትለኝ ነበር።

ሳይፈርስ ኖረ። መጀመሪያ ጣውላ ታጣ፣ ቀጥሎ አባቴ ታመመ፣ ከዚያ እሷም አረጀች። ግድግዳውን በኖራ በቀባነው ቁጥር ግን የበሩ ቅርጽ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ብቅ ይላል። እናቴ ስታየው «ይኸው መጣ በሩ» ትል ነበር።

ዛሬ ቦታው ላይ ቁም ሳጥን ነበር የቆመው። ከትልቋ ልጄ ጋር ገፍተን ከቦታው አነሳነው። ዘነዘናውን ከጓዳ አንስቼ ስንጥቁ መሃል መታሁ።

«እማዬ፣ አበድሽ እንዴ? ግድግዳውን ታፈርሺዋለሽ?»

«በር ነው! ዝም ብለሽ እርገጪ!»

ጭቃው እንደ ደረቀ ዳቦ ተቆርሶ ወደቀ፣ ማገሩ በእርግጫ ተሰበረ። ውስጡ ያለው ጭድ ገና ቢጫ ነበር። ትንሹን በቀዳዳው አሳለፍኩት፣ ትልቋን ገፋኋት፣ እኔም ትከሻዬን ፋቅ አድርጎኝ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ደጅ ደርሰን ዞር ስንል ምሰሶው ተሰበረና ጣሪያው ቁጭ አለ። እንደፈራሁት ያህል እንኳ አልጮኸም። ከአስፋልቱ በኩል የታክሲ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ይጣራል፣ ምንም እንዳልሆነ።

ይሄን በስልክ የምነግርሽ ጎረቤቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ አለ፣ ገና አልታጠብኩትም። እናቴ በዚያ በር አንድ ቀን እንኳ ሳትወጣ ሞተች። እኛ ወጣንበት። ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። ደህና ነን።